በቀሃ ወንዝ ዳር ያለው የአበባ ችግኝ መሸጫ፦ ብርሃን ላጠረው ቤቴ የሸጠልኝና ያልሸጠልኝ

የቤት ውስጥ ተክል በተገዛበት ሳምንት የማያምር የለም። ቅጠሉ ታጥቦ፣ አፈሩ ርሶ፣ ደጅ ሳለ ያጠራቀመውን ጉልበት ይዞ ስለሚመጣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቢገባም ለጥቂት ሳምንታት ምንም የጎደለበት አይመስልም። ስለዚህ አንድን የችግኝ መሸጫ በትክክል ለመመዘን ከሸጠው ተክል ጋር ቢያንስ አንድ ክረምት ማሳለፍ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። በጎንደር፣ ከፋሲል መዋኛ ብዙም ሳይርቅ በቀሃ ወንዝ ዳር ካለው መሸጫ ተክሎቼን የገዛሁት በታኅሣሥ ወር ሲሆን፣ ይህን የምጽፈው በዓመት ከሁለት ወሩ፣ አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈባቸው በኋላ ነው። ስፍራው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለውም፤ የአካባቢው ሰው «አበባ ቤቱ» ይለዋል፤ ከቆርቆሮ አጥሩ በላይ የተዘረጋውን አረንጓዴ የጥላ መረብ ያየ ሰው አያጣውም።

አስቀድሜ ቤቴን ልግለጽ፤ ያለ እሱ የሚቀጥለው ነገር ሁሉ ትርጉም አይኖረውም። እናቴና እኔ የምንኖረው አራዳ አካባቢ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች ነው። ሳሎኑ ያለው አንድ መስኮት ብቻ ሲሆን እሱም ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ያያል። ቤቱን ስንከራይ የጠዋት ፀሐይ እስከ ሶፋው ድረስ ይገባ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ጎረቤታችን ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሠሩ፤ በመስኮታችንና በሕንፃው ግድግዳ መካከል የቀረው ሁለት ሜትር የማይሞላ ክፍተት ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሳሎኑ የሚደርሰው ብርሃን ከዚያ ግድግዳ ላይ ነጥሮ የሚመጣው ብቻ ሆነ። በስልኬ ላይ በጫንኩት የብርሃን መለኪያ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ስለካው ከመስኮቱ ሥር 400 ሉክስ ገደማ፣ ከመስኮቱ ሁለት ሜትር በሚርቀው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ 60 ሉክስ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። በዚያው ሰዓት ደጅ ያለው የፀሐይ ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ ሊደርስ ይችላል። ዓይናችን ከጨለማው ጋር ራሱን ስለሚያለማምድ ይህን ያህል ልዩነት መኖሩን አይነግረንም፤ ቅጠል ግን ምግቡን የሚሠራው በሚደርሰው ብርሃን ልክ ስለሆነ ልዩነቱን በሚገባ ያውቀዋል።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ቀደም ሲል ከሌላ ሻጭ ፊከስ ቤንጃሚና የሚባለውን ቅጠለ ትንንሽ ዛፍ ገዝቼ ነበር። ሻጩ «የቤት ውስጥ ተክል ነው» ከማለት በቀር ስለ ቤቴ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሎቹ ገና አረንጓዴ እንደሆኑ መርገፍ ጀመሩ፤ እናቴ ጠዋት ሳሎኑን ሲጠርጉ በየቀኑ እፍኝ ሙሉ ቅጠል ያወጡ ነበር። ውሃ ያነሰው መስሎኝ ጨመርኩለት፤ ያም ሞቱን አፋጠነው። ፊከስ የዋርካና የሾላ ወገን መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያሉትን ዛፎች፣ ሥራቸው የድንጋዩን ግንብ እንደ ጣት ጨብጦ የያዘውን፣ ያየ ሰው ይህ ወገን ምን ያህል ሰፊ ሰማይና ምን ያህል ፀሐይ እንደሚፈልግ መገመት አያቅተውም። ተክሉ ቅጠሉን የሚያረግፈው ባገኘው ጥቂት ብርሃን ሊያኖረው የማይችለውን ቅጠል ለመቀነስ ሲሆን፣ ቅጠሉ ሲቀንስ የሚጠጣው ውሃም ይቀንሳል፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት ውሃ መጨመር ሥሩን ማስመጥ ነው።

የቀሃውን መሸጫ ከሌሎቹ የሚለየው ዋናው ነገር ሽያጩ ከተክሉ ሳይሆን ከመስኮቱ መጀመሩ ነው። ግቢውን የሚያስተዳድሩት አንድ አዛውንት ናቸው። እንደገባሁ በጎማ ቱቦ ችግኝ ሲያጠጡ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ ለቤት ውስጥ የሚሆን ተክል ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«መስኮትህ ወዴት ነው የሚያየው ልጄ?»

«ወደ ሥላሴ ነው።»

«እሰይ፣ የጠዋት ፀሐይ አለህ ማለት ነው።»

«ነበረኝ አባባ፤ አሁን ፎቅ ጋርዶታል።»

ቱቦውን መሬት ላይ አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያው ነገሩ ሌላ ነው። እኩለ ቀን ላይ መብራት ሳታበራ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠህ መጽሐፍ ማንበብ ትችላለህ?» እችላለሁ አልኳቸው። «ነጭ ወረቀት ዘርግተህ እጅህን ከላዩ ብትይዝ ጥላው ይታያል?» ይህን ሞክሬ አላውቅም ነበርና እንዳልሞከርኩት ነገርኳቸው። «ሂድና ሞክረህ ነገ ተመለስ» ብለው ያለ ምንም ግዢ ሸኙኝ።

በማግስቱ ስመለስ ያስረዱኝ እንዲህ ነው፦ እጅን ከወረቀት አንድ ክንድ ከማይሞላ ከፍታ ላይ ሲይዙት የጣቶቹ ጠርዝ ጥርት ብሎ ከታየ ብርሃኑ ለብዙ ዓይነት ተክል ይበቃል፤ ጥላው ደብዘዝ ብሎም ቢሆን የእጅ ቅርጽ ከለየ መካከለኛ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ቅርጽ የሌለው ጭጋግ ብቻ ከታየ ብርሃኑ ዝቅተኛ ነው። የእኔ ከመስኮቱ ሥር በደብዛዛውና በጭጋጉ መካከል ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ጭጋግ እንኳ አልታየም። ይህ ዘዴ ምንም ዋጋ አይጠይቅም፤ ስልክ ላይ ከሚጫነው መለኪያ ጋር አስተያይቼው በእኔ ቤት የተጣጣመ ውጤት ሰጥቶኛል።

ከዚያም ከፊት ለፊት የተደረደሩትን ጽጌረዳዎች፣ ጄራኒየሞችና ባለ ቀለም ቅጠል ክሮተኖች አሳልፈው በጥላ መረቡ ሥር ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። እናቴ አዘዞ ይኖሩ በነበረበት ጊዜ በደጃቸው ጤና አዳምና በሶብላ አይጠፋም ነበርና፣ ቡናችን ላይ የሚጨመር ጤና አዳም በመስኮቱ ሥር ቢተከል ደስ እንደሚላቸው ነግረውኝ ስለነበር እሱንም ጠየቅሁ። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጤና አዳም የፀሐይ ልጅ ነው። እቤት ካስገባኸው ይሰለስላል፣ አንገቱን ወደ መስኮቱ ይዘረጋል፣ ሽታውም ይጠፋል። ለእናትህ በር ላይ ትከልላቸው፤ ለዚያ ከሆነ እሸጥልሃለሁ።» በምክራቸው መሠረት ጀሪካን ቆርጠን፣ ታችኛውን በምስማር በስተን፣ የቤቱን ባለቤት አስፈቅደን በግቢው በር አጠገብ ተከልነው፤ ዛሬ እናቴ ቡና ባፈሉ ቁጥር ከዚያ ይቀነጥባሉ። ገንዘብ ይዤ የቆምኩበትን ዕቃ አልሸጥልህም የሚል ነጋዴ በከተማችን ብዙ አላጋጠመኝም፤ እምነቴን ያሳደሩብኝም በዚያች ቅጽበት ነው።

የሸጡልኝ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ዜዜ ተብሎ የሚጠራው፣ ቅጠሉ በሰም የተወለወለ የሚመስል ተክል ነው። ከኬንያ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በተፈጥሮ የሚበቅል ሲሆን፣ ከአፈሩ ሥር ድንች የመሰለ ውሃ ማጠራቀሚያ አለው፤ ዝናብ የሚርቅበትን ወቅት በዚያ ያልፋል። ሁለተኛው ሳንሲቬሪያ ነው፤ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብለው የሚቆሙ፣ ጠርዛቸው ቢጫ የሆነ ወፍራም ቅጠሎች ያሉት፣ ምንጩ የምዕራብ አፍሪካ ሞቃት አገር የሆነ ተክል ነው። ሦስተኛው በብዙ ቤት ሞኒ ፕላንት የሚባለው፣ የተፈጥሮ አገሩ በፓሲፊክ ውቅያኖስ የምትገኘው የሞሬያ ደሴት የሆነው ሐረግ ነው። በገዛሁበት ጊዜ ዜዜው 1,200 ብር፣ ሳንሲቬሪያው 350 ብር፣ ሐረጉ ደግሞ 150 ብር ነበር። ዜዜው ውድ የሆነበትን ምክንያት ስጠይቅ ከአንድ ቅጠል አባዝተው ለመሸጥ የሚበቃ ቁመት እስኪኖረው ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንደሚፈጅባቸው ነገሩኝ፤ እኔም ተክሉ ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደሚያድግ ካየሁ በኋላ ዋጋው ተገቢ እንደሆነ ተቀብያለሁ።

እነዚህ ሦስቱ ብርሃን ይጠላሉ ማለት እንዳልሆነ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጨለማን የሚወድ አረንጓዴ ተክል የለም። እነዚህ የሚለዩት ብርሃን ሲያንሳቸው ዕድገታቸውን ገትተው፣ ወጪያቸውን ቀንሰው መቆየት ስለሚችሉ ነው። ስለዚህ ብርሃን ባጠረው ቤት የሚያስፈልገው ትልቁ ችሎታ ውሃ አለማጠጣትን መቻል ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት፣ ሰው በሮቶና በጀሪካን አጠራቅሞ በሚኖርባት ከተማችን ይህ ጠባያቸው ሌላ ጥቅም አለው፤ በጀሪካናችን ውስጥ የቀረው ለምግብና ለመጠጥ ብቻ በሆነበት ሳምንት ዜዜው ምንም አልጠየቀንም።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ፤ ጉድለቱ ቀላል አይደለም። መሸጫው ሁሉንም ተክል የሚተክልበት አፈር አንድ ዓይነት ነው፤ ጥቁርና ከባድ፣ ሲረጥብ የሚለጠፍ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ የመረሬ አፈር ከጥቂት ፍግ ጋር ተቀላቅሎ። ለደጅ ጽጌረዳ ይህ ይሆን ይሆናል፤ ለጨለማ ክፍል ግን አይሆንም። ከዚያም በላይ ሳንሲቬሪያው የተተከለበት የፕላስቲክ መትከያ ከሥሩ ቀዳዳ አልነበረውም። ይህን ሳላስተውል ሰባት ወር ቆየሁ። በሐምሌ አጋማሽ ከመሃል ያለው ረጅሙ ቅጠል በትንሹ ዘንበል ብሎ አየሁትና ቀና ላደርገው ስነካው ያለ ምንም ግትርነት በእጄ ላይ ተነቅሎ ቀረ። ሥሩ ሊሆን የሚገባው ቦታ ቡናማ፣ ሲጫኑት ውሃ የሚያወጣ ልቁጥ ሆኗል፤ ሽታውም የቆየ አተላ ሽታ ነበር። ተክሉን ገልብጬ ሳወጣው ከመትከያው ታች ሦስት ጣት የሚሆን ውሃ ተጠራቅሞ አገኘሁ። ከስድስቱ ቅጠሎች የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው።

ጥፋቱ የመትከያውና የአፈሩ ብቻ አልነበረም፤ እኔም በክረምት በበጋው ልማድ አጠጥቻለሁ። ከውጭ የሚመጡ የተክል መጻሕፍት በቅዝቃዜ ወራት፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ውሃ ቀንሱ ብለው ይመክራሉ፤ ምክንያቱም በእነሱ አገር ቀኑ የሚያጥረውና ብርሃኑ የሚደክመው ያኔ ነው። በጎንደር ግን ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ የጠራበት፣ ብርሃኑ የበዛበት ጊዜ ነው። የእኛ የቤት ውስጥ ተክል ጨለማ ወር ሐምሌና ነሐሴ ነው። ደመናው ሳይገለጥ በሰነበተበት በነሐሴ አንድ ቀን፣ በእኩለ ቀን፣ ከመስኮቴ ሥር የለካሁት 150 ሉክስ ብቻ ነበር። ከዚህ ላይ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗ፣ የክረምቱ አየር እርጥብና ቀዝቃዛ መሆኑ ሲጨመርበት አፈር ለሳምንታት ሳይደርቅ ይቆያል። አሁን በበጋ ሳንሲቬሪያውን በየሦስት ሳምንቱ አጠጣለሁ፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ሁለቱን ወር ሙሉ አንዴ ብቻ ማጠጣት እንደሚበቃ ተረድቻለሁ። ከማጠጣቴ በፊት ሁልጊዜ ቀጭን ስንጥር እስከ መትከያው ታች ድረስ እሰድና አወጣዋለሁ፤ አፈር ተለጥፎበት ከወጣ ሌላ ሳምንት እጠብቃለሁ።

የመጻሕፍቱ ምክር ያለ ምርመራ የማይሠራበት ሌላም ነገር አለ። ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፀሐይ አያገኝም ይላሉ። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከራሳችን በስተሰሜን በኩል ያልፋል፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ደግሞ በግልጽ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። ስለዚህ የሰሜን መስኮት ያለው ሰው በግንቦት፣ ደመናው ሳይበረታ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ሊያገኝ ይችላል፤ የደቡብ መስኮት ያለው ደግሞ በበጋው ሁሉ የተሻለ ይሆንለታል። የእኔ መስኮት እንኳ በግንቦት ወር፣ ፀሐይ የምትወጣበት ቦታ ወደ ሰሜን ሲሸሽና ከፎቁ ጠርዝ ባሻገር ስትታይ፣ ጠዋት ለሃያ ደቂቃ ያህል አንዲት ቀጭን ጨረር ይገባበታል። ሐረጉ በዓመቱ ውስጥ ትልቁን ቅጠሉን ያወጣው በዚያ ወር ነው።

የተረፉትን ሁለት የሳንሲቬሪያ ቅጠሎች ይዤ ወደ መሸጫው በሄድኩ ጊዜ ያገኘሁት አገልግሎት ግማሹ የሚመሰገን፣ ግማሹ የማይመሰገን ነው። አባባ መትከያው ቀዳዳ አልባ መሆኑን ሲያዩ አዘኑ፤ ነገር ግን ገንዘብ አልመለሱም፣ በምትኩም ሌላ ተክል አልሰጡም። ይልቁንም አንዱን ቅጠል በመዳፍ ልክ ቆራርጠው፣ የቁራጩን ታች እንዳልገለብጠው በጥፍራቸው ምልክት አድርገው፣ ሁለት ቀን በጥላ አድርቄ በአሸዋ እንድተክለው አሳዩኝ። በጥቅምት መጨረሻ ከአሸዋው ሥር የስንዴ ፍሬ የሚያህል አረንጓዴ ጫፍ ብቅ አለ። አንድ ነገር ግን አልነገሩኝም፤ ከቅጠል ቁራጭ የሚበቅለው ልጅ ቢጫውን ጠርዝ አይወርስም፣ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ቢጫ ጠርዙ እንዲቀጥል የሚፈልግ ሰው ከእናቱ ግርጌ የሚፈልቀውን ቡቃያ ከነሥሩ ነው መክፈል ያለበት። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሁለተኛውን ቅጠል ሳልነካው በጉቶው ላይ እተወው ነበር።

በአፈሩ ነገር የወሰድኩት መፍትሔ የሚከተለው ነው፤ ከዚያው መሸጫ ለሚገዛ ሁሉ ወዲያው እንዲያደርገው እመክራለሁ። የመሸጫውን አፈር ግማሽ፣ የታጠበ አሸዋ ሩብ፣ የቀረውን ሩብ ደግሞ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ደቃቅ ጠጠርና የከሰል ፍርፋሪ አድርጌ ቀላቀልኩት። መትከያውን ደግሞ ከከተማው ወጣ ብላ ከምትገኘው፣ በሸክላ ሥራዋ ከታወቀችው ከወለቃ አመጣሁ። በመንገዱ ዳር ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች እንደፈለግሁት ገና ጭቃው እርጥብ ሳለ ከታች ቀዳዳ አድርገው እንዲሠሩልኝ ጠየቅኋቸው፤ በሳምንቱ አደረሱልኝ። ያልተለበጠ ሸክላ በጎኑ ሁሉ ስለሚተነፍስ ትርፍ ውሃን በዝግታ ያስወጣል፤ ማጠጣት ለሚያበዛ ሰው ከፕላስቲክ ይልቅ ይህ ይሻለዋል። መትከያው በጎኑ ነጭ ጨው መሰል ነገር ሲያወጣ ቢታይ የውሃው ማዕድን ነውና በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል።

ከመሸጫው ምክሮች አንዱን አልቀበለውም። አባባ ለሚመጣ ሁሉ ሳንሲቬሪያ የክፍሉን አየር እንደሚያጸዳና መኝታ ቤት ሲቀመጥ ሌሊቱን ኦክስጅን እንደሚሰጥ ይናገራሉ። በቅን ልብ የሚናገሩት ነገር መሆኑን አልጠራጠርም፤ ብዙ ሰው ያምነዋል። የዚህ ወሬ መነሻ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ጥናት ሲሆን፣ ሙከራው የተደረገው በታሸጉ ትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ ነበር። በርና መስኮት ባለው ቤት አየሩ በራሱ ስለሚለዋወጥ ነገሩ ይለያል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የጥናቶች ፍተሻ ተክሎች ከተራ የአየር ዝውውር ጋር የሚስተካከል ሥራ እንዲሠሩ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1,000 ተክል እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። ሳንሲቬሪያ ሌሊት ቀዳዳዎቹን ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስገባቱ እውነት ነው፤ ኦክስጅን የሚወጣው ግን ብርሃን ባለበት ሰዓት ነው። በሳሎናችን ከሰል ስናያይዝ መስኮት መክፈት ያለብን ተክል ቢኖርም ባይኖርም ነው፤ ይህን ደግሞ ሻጭ በተክል ሊተካው አይገባም።

በመሸጫው ሊነገረኝ ሲገባ ያልተነገረኝ ሌላ ነገር ሐረጉና ዜዜው አፍ የሚያቃጥል ፈሳሽ ያላቸው መሆኑ ነው። በቅጠላቸው ውስጥ ያለው መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታል ሕፃን ቢያኝከው ምላሱንና ከንፈሩን ያሳብጠዋል፤ ድመትም እንዲሁ ትጎዳለች። የእኅቴ ልጅ ሊጠይቀን ሲመጣ ሐረጉን ወደ ላይኛው መደርደሪያ አወጣዋለሁ።

እናቴ የቡና አተላ ለተክል ማዳበሪያ እንደሚሆን ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሚያውቁ፣ ሦስተኛው ጀበና ሲያበቃ የቀረውን ዜዜው ላይ ያፈሱለት ነበር። በደጅ፣ ፀሐይና ትል ባለበት አፈር ላይ ልማዱ ጥሩ ነው። በጨለማ ክፍል ግን አተላው ሳይደርቅ ይቆይና ነጭ ሻጋታ ያበቅላል፤ ከዚያም ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ይፈሉበታል። ዝንቦቹ የጠፉት ማዳበሪያውን ወደ በሩ ጤና አዳም አዛውረን፣ የዜዜውን አፈር ለአንድ ወር ሙሉ ካደረቅነው በኋላ ነው። በበጋ የሚነሣው የመንገድ አቧራ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ሲቀመጥ ያለውን ጥቂት ብርሃን ይቀማል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ሁለቱንም ገጽ እጠርገዋለሁ።

አምፖልን በሚመለከት መሸጫው ምንም አይሸጥም፤ ምክርም የለውም። ፒያሳ ካለ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ተራውን 12 ዋት ነጭ ኤልኢዲ ገዝቼ ከሐረጉ በላይ በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ሰቀልኩት። ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጡት ልዩ አምፖሎች ዓይን ያደክማሉ፤ ዋጋቸውም የበዛ ነው፤ ነጩ ተክሉ የሚፈልገውን ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በውስጡ ይዟል። ወሳኙ ርቀቱ ነው፤ አምፖሉ በእጥፍ ሲርቅ ቅጠሉ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከጣሪያ ላይ የሚበራው መብራት ለሰው እንጂ ለተክል አይበቃም። በቀን ለ12 ሰዓት ቢበራ በወር የሚፈጀው 4.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። መብራት በጠፋባቸው ቀናት ምንም አልደረሰበትም፤ ተክል ለአንድና ለሁለት ቀን ጨለማ አይሞትም። ከአምፖሉ በፊት ሐረጉ አንጓው ከአንጓው አንድ ስንዝር እየተራራቀ ይሳብ ነበር፤ አሁን በመካከላቸው አራት ጣት ብቻ ነው።

ለመሸጫው ባለቤት እንዲያስተካክሉ የነገርኳቸው ሦስት ነገር ነው፦ ቀዳዳ የሌለው መትከያ እንዳይሸጡ፣ ለቤት ውስጥ ተክል አሸዋ የበዛበት አፈር ለብቻ እንዲያዘጋጁ፣ የተክሉንም ስም በካርቶን ጽፈው እንዲሰኩ። ባለፈው ወር ስሄድ የመጀመሪያውን ተቀብለው በጋለ ብረት ሁሉንም መትከያ ሲበሱ አገኘኋቸው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ገና ናቸው።

በዚያው ቀን ለጠረጴዛው፣ ለ60 ሉክሱ ቦታ፣ የሚሆን ነገር ዳግመኛ ለመንኳቸው። ተክል ሊያሳዩኝ ከመነሣት ይልቅ «የጎረቤትህ ግድግዳ ምን ቀለም ነው?» አሉኝ። ያልተቀባ ግራጫ ሲሚንቶ መሆኑን ነገርኳቸው። «እንግዲያው ኖራ አስቀባው፤ ነጭ ግድግዳ ያገኘውን ይመልሳል» አሉ። ጎረቤታችን በደስታ ፈቀዱ፤ በጥር አንድ ቅዳሜ ከመስኮታችን ፊት ለፊት ያለውን ክፍል እስከምደርስበት ድረስ ቀባሁት። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከመስኮቱ ሥር 680 ሉክስ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ 100 ሉክስ ለካሁ። ቁጥሩን ይዤ ስመለስ አባባ ሰምተው «ለመስኮቱ እሰየው፤ ለጠረጴዛው ገና ነው ልጄ» አሉኝና ሌላ ሳንሲቬሪያ፣ ከታች የተበሳ መትከያ ውስጥ፣ ለመስኮቱ ሥር ሸጡልኝ።